የራሴ ነው ስለ ማለት

«ገንዘቡ የራሴ፣ መኪናው የራሴ፤ ታዲያ ከፍ ባደርገው ማን ምን አገባው?»

ይህን ያለኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ያለኝም ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አምበር ከመንገድ ዳር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቡና ስንጠጣ ነው። በአነጋገሩ ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ግን ለጊዜው የምመልስለት ነገር አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ፣ ይህችን ጽሑፍ ለእሱና በእሱ ዕድሜ ላላችሁ ወጣቶች ጻፍኋት።

አምበርን ላላያት አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንንና ሉማሜን ካለፈ በኋላ ያገኛታል። የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ የጤፍና የስንዴ ደጋ ነው። መሬቱ በብዙው ስፍራ ዋልካ ስለሆነ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ግን እግር ይይዛል፣ ጎማም ይውጣል። አስፋልቱን ትቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ሰው፣ በሐምሌና በነሐሴ ከመኪናው ወርዶ ሳይገፋ የተመለሰ እንደሆነ ዕድለኛ ነው።

የእኅቴ ልጅ ነጋዴ ነው። ከደብረ ማርቆስ ሸቀጥ ያመጣል፤ ሲመለስ ድንችና እህል ይጭናል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ በኋላ፣ እሱም እንደ ብዙ ባልንጀሮቹ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዞረ። ከዘመድ ተበድሮ፣ ያለውንም ሽጦ፣ በቻይና አገር የተሠራ አንድ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ገዛ። እኔም ጥቂት አበድሬዋለሁና ነገሩ ከናካቴው አያገባኝም ለማለት አልችልም።

መኪናውን ከገዛ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ሞላውንና አሞርዛቶሪውን አስለውጦ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሊያደርገው፣ ቸርኬውን በሰፊ ቸርኬ፣ ጎማውንም በትልቅ ጎማ ሊተካ አሰበ። ቡናውን ለመጠጣት የመጣውም ለዚሁ የሚሆን ተጨማሪ ብድር ፈልጎ ነበር።

ምክንያቱን ስጠይቀው ያቀረበልኝ ሁሉ እውነት ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ በታች እንደ ጠፍጣፋ ሣጥን ተነጥፎ ይገኛል። ድንጋይ የተራውን መኪና የዘይት ቋት ቢመታው ጋራዥ ገብቶ ይጠገናል፤ ባትሪውን የመታው እንደሆነ ግን ከመኪናው ሁሉ ውድ የሆነውን ዕቃ መታው ማለት ነው። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ዋናው መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነበርና፣ ባለ መኪና ሁሉ ያላሰበውን የኮረኮንች መንገድ ለምዷል። «ጋሼ፣ መንገዱ ክፉ ነው» አለኝ። መንገዱ በእውነት ክፉ ነው።

ነገር ግን ቀጥሎ ሊያደርገው ያሰበውን በስልኩ ላይ አሳየኝ። ከውጭ አገር የመጣ የአንድ መኪና ፎቶግራፍ ነው። ጎማው የሰው ወገብ ይደርሳል፤ ኮፈኑ እንደ ግንብ ቆሟል፤ ቸርኬው ያብለጨልጫል። አስተውዬ ብመለከተው ከጎማው ጥርስ ውስጥ አንዲት የጭቃ ጠብታ የለችም። ያ መኪና ክፉ መንገድ አይቶ አያውቅም። እንግዲህ እኔን ያሳሰበኝ እዚህ ላይ ነው፦ ችግርና መታየት መፈለግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሳሉ የሚናገሩት በአንድ ቋንቋ ነው። መታየት የሚፈልግ ሰው «ልታይ» አይልም፤ «መንገዱ ክፉ ነው» ይላል። ይህንንም ሲል ሰውን የሚያታልል አይመስለውም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያመነው እሱ ራሱ ነውና።

ይህን እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ከፍታ ምን እንደሚያስከፍል በቁጥር ላሳያችሁ፤ በሥነ ምግባር ነገር ላይ ቁጥር የማይወዱ አሉ፣ እኔ ግን እወዳለሁ።

ለምሳሌ በብዙ ፒክአፕ ላይ የሚገኘው 265/65 በ17 የተባለው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 78 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በእሱ ፋንታ 285/70 በ17 ቢገባ 83 ይሆናል። ሰው አምስት ሴንቲ ሜትር አተረፍሁ ይላል፤ ግን መኪናውን የሚያነሣው የጎማው ግማሽ ብቻ ስለሆነ ያተረፈው ሦስት እንኳ አይሞላም። የከፈለውን ደግሞ ተመልከቱ። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ከትንሹ በ100 7 እጅ ይበልጣል፤ የፍጥነት ቆጣሪው ግን የተሠራው ለትንሹ ጎማ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው የሚሮጠው ከ85 በላይ ነው። ሩጫን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሚያድግ፣ ፍሬኑ በ100 14 እጅ የበለጠ ሥራ ይጠብቀዋል። ያውም ጎማው ስለተለቀ ፍሬኑ ጎማውን የሚይዝበት ጉልበት እንደ ቀድሞው ሳይሆን ቀንሶ ነው። ነጂው ይህን ሁሉ አያይም። እሱ የሚያየው 80 የሚለውን ቁጥር ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሌላም አለ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ መሐንዲሶቹ ከታች ያስቀመጡት መኪናው በመታጠፊያ ላይ መሬቱን እንዲይዝ ብለው ነው፤ ከፍ ያደረገው ሰው ይህን ጥቅም በገዛ እጁ ይቀንሳል። ጎማ ሲለወጥም በጎኑ ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር መታየት አለበት፤ ለምሳሌ 116 የሚለው ቁጥር አንዱ ጎማ 1250 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። መልኩን ብቻ አይቶ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ያለውን ጎማ የሚገዛ ሰው ሞልቷል። የቻርጁም ነገር እንደዚሁ ነው። 2500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ 1000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። የአየሩ ግፊትና የጎማው ሰበቃ ከዚህ ሌላ ነው። ከባድና ባለ ሻካራ ጥርስ ጎማ ይህን ያብሰዋል፤ ከፍ ያለ አካልም ከሥሩ ብዙ ንፋስ እያስገባ ይጎተታል። ብድሩን ሳይከፍል ሌላ የሚጨምርን ሰው አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉት ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ግን ባለቤቱን ብቻ የሚጎዳ ነው። ሰው በገዛ ገንዘቡ ቢከስር፣ ባትሪው ከመንገድ ላይ ቢያልቅበት፣ ምክር እንጂ ክስ አይገባውም። የእኅቴ ልጅ «ማን ምን አገባው» ያለው በዚህ ልክ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው በቡናው ላይ ባለቀ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በ1986 ዓ.ም. እኔም ወጣት ሳለሁ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበረኝ። በአራቱም በኩል ባሌስትራ አስጨመርሁ፤ ከከባድ መኪና የወረደ ጎማም ፈልጌ አስገባሁ። «መንገዱ ክፉ ነው፣ ጭነቱም ብዙ ነው» እል ነበር። እውነት ነው፣ መንገዱ ያን ጊዜ ከዛሬው የባሰ ነበር። ነገር ግን ልቤን ጠይቄ እውነቱን ብናገር፣ ገበያ መሐል ቆሜ የሰውን ራስ ከላይ ወደ ታች ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሕፃናት ከኋላዬ ሲሮጡ፣ ሽማግሌዎች ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ አንድ ነገር የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ጭኜ ልነሣ ስል፣ ከመኪናው ፊት ለፊት የአንዲት ሴት ሽምብራ ፈሰሰባት። ጎንበስ ብላ በእጇ ታፍስ ጀመር። እኔ ከመቀመጫዬ ሆኜ ያየሁት ኮፈኑን፣ ከኮፈኑም ማዶ ባዶ መንገድ ነው። ሞተሩን አስነሥቼ መኪናውን አንቀሳቀስሁ። ሰው ጮኸ፤ ወዲያው ቆምሁ፤ ጎማው ግን በቀኝ እግሯ ላይ ወጥቶ ነበር።

ወደ ደብረ ማርቆስ ወስደን አሳከምናት። ነፍሷ ተረፈ፤ እግሯ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በኋላም ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔም በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ «ጎንበስ ብላ ነበርና አላየኋትም» አልሁ። ቃሌ እውነት ነበር። አንድም ሐሰት የለበትም። ሽማግሌዎቹም አመኑኝ፤ ካሣ ተቆረጠብኝ፤ ከፈልሁ፤ እሷም ይቅር አለችኝ። «ለምን አላየሃትም?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለ ባሌስትራው የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርሁም። አሁን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በሕይወቴ ብዙ ውሸት ዋሽቼ ይሆናል፤ እንደዚያች እውነት የከበደኝ ውሸት ግን የለም።

ይህ የእኔና የአምበር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የመድን ድርጅቶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የኮፈናቸው ከፍታ ከ40 ኢንች፣ ማለት ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መኪኖች እግረኛ ሲመቱ የመግደላቸው ነገር፣ ኮፈናቸው 30 ኢንችና ከዚያ በታች ከሆነው በ45 በመቶ ያህል ይበልጣል። ዝቅ ያለው ኮፈን ሰውን እግሩ ላይ መትቶ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ከፍ ያለው ግን ደረቱንና ራሱን መትቶ ወደ ታች ይጥለዋል። በዚያው አገር ወጣቶች የፒክአፕን ፊት አንሥተው ኋላውን ዝቅ የሚያደርጉበት ፋሽን ተነሥቶ ነበር። ነጂው ሰማይ እንጂ መንገድ አያይም ማለት ይቻላል። የሰሜን ካሮላይና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 የፊቱ ከፍታ ከኋላው በ4 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ እንዳይበልጥ ከለከለ፤ ቨርጂኒያ በ2022፣ ደቡብ ካሮላይናም በ2023 ተከተሉ። እዚያም ቢሆን «መኪናው የራሴ ነው» ያለ ሰው ሳይኖር አልቀረም።

በእኛም አገር የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ መኪና በየዓመቱ እየተመረመረ ቦሎ ይለጠፍለታል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን መርማሪው መኪናውን የሚያየው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ሽምብራ የፈሰሰባት ሴት ግን በየትኛው ቀን እንደምትጎነበስ አይታወቅም።

«የራሴ ነው» የሚለውን ቃል በዚህ መልክ ብትመረምሩት ጉድለቱ ይታያችኋል። መኪናው የራሱ ነው፤ ከፍታውም የራሱ ነው፤ ከፍታው የሚያመጣው ዕውርነት ግን የሚያርፈው በሌላ ሰው ላይ ነው። ያ ሰው ደግሞ ከመኪናው ሽያጭ ላይ አልነበረም፤ ጋራዥ ውስጥ ሲታደስ አልተጠየቀም፤ ፎቶግራፉንም አላየም። ሰው የገዛ ገንዘቡን ለደስታው ቢያጠፋ መብቱ ነው። የሌላውን እግር ለደስታው መያዣ አድርጎ ማስያዝ ግን ከየትኛው ገበያ የተገዛ መብት ነው?

እዚህ ላይ «እግረኛውስ አይጠነቀቅም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይጠንቀቅ እንጂ። ነገር ግን እግረኛ የሚጠነቀቀው መኪናውን አይቶ ነው፤ መኪናው እሱን እንደሚያይ ገምቶ ነው። በአምበር ገበያ የምትቀመጥ ሴት የነጂውን ዓይን ካየች «አይቶኛል» ትላለች። ኮፈኑ ሲያድግ ይህን ግምቷን ማንም ሳይነግራት ሐሰት ያደርገዋል።

ከፍታ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። አያቴ በበቅሎ ይሄዱ ነበር። በቅሎ ከፍታ ነው፤ ጭቃና ወንዝ የሚሻገሩበት፣ ከሩቅ የሚያዩበት። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርሱ ይወርዱ ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲያገኙም ይወርዱ ነበር፤ ገበያ ሲገቡም ወርደው በቅሏን በልጓሟ ይስቧት ነበር። በልጅነቴ ይህን እንደ ወግ ብቻ እቆጥረው ነበር። ለገበያው ግን ሌላም ትርጉም እንዳለው የተረዳሁት ሽምብራው ከፈሰሰ በኋላ ነው። ከፍታው ለመንገዱ ነው፤ ሰው ካለበት ስፍራ ሲደርሱ ይወረዳል።

የሚገርመው የዘመኑም መሐንዲሶች ወደዚሁ ሐሳብ መጥተዋል። ሪቪያን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለገዢ ያስረከበው የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሞላው በአየር የሚሠራ ነው። ድንጋይ ላይ ሲደርስ ሆዱን ከመሬት እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሣል፤ በአስፋልት ላይ ሲሮጥ ግን ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለው መኪና ዋጋው ለእኛ የሚቀመስ አይደለም። ሐሳቡን ግን ያለ ዋጋ ልንወስደው እንችላለን።

የእኅቴን ልጅ በሁለተኛው ቀን ጠራሁትና ስለ 1986ቱ ነገር ነገርሁት። ማንነቷን ስነግረው ዝም አለ። «በርበሬ የምትሸጠዋ እትዬ?» አለኝ። አዎን አልሁት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያውቃት ኖሯል፤ ስታነክስም ሲያያት ኖሯል፤ ከተፈጥሮዋ መስሎት ጠይቆ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ምክር አልሰጠሁትም። መኪናውን ከግቢዬ አስገብቶ እንዲቆም አደረግሁና፣ ባለቤቴ እያጉረመረመች የሰጠችኝን እንስራ ከመኪናው ፊት አስቀምጬ፣ እሱ ከመሪው ላይ ተቀምጦ የእንስራው አፍ እስኪታየው ድረስ ወደ ኋላ ሳብሁት። ከሦስት ክንድ ትንሽ አለፍ ሲል ታየው። ከዚያም በአራቱም ጎማ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባን፤ ይህንንም ለማድረግ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀን። እንደገና ቢቀመጥ እንስራው ጠፋው። ሊታየው የቻለው አራት ክንድ ላይ ነው። ከመኪናው ወርዶ ከአንደኛው ምልክት እስከ ሁለተኛው ያለውን መሬት ብዙ ጊዜ ቆሞ ተመለከተ። ሰፊ ቦታ አይደለም። አንዲት ሴት ተጎንብሳ ሽምብራ ለመልቀም ግን ይበቃታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ሄዶ ጎማውን ለወጠ። ልኩ የቀድሞው ነው፤ የጭነት ቁጥሩም አላነሰም፤ ጥርሱ ግን ለጭቃ የሚሆን ነው። ከባትሪው ሥር የሚከላከል ብረት አስበየደ፤ ብየዳው ከባትሪው ሣጥን ጋር እንዳይነካካ፣ ብረቱ ከሻንሲው ጋር በብሎን እንዲታሰር ብዙ ተጨቃጭቀናል። በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ጭቃ ይዞት በበሬ ተጎትቶ ወጥቷል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንዱን ይድን ነበር። ይህንንም ሳይደብቅ ነገረኝ፤ እኔም አልተከራከርሁትም።

የሚያብለጨልጨውን ቸርኬ ግን ገዝቶታል። ባበደርሁት ገንዘብ ነው። ስለ እሱ እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልተናገርሁም።